የቄስ ወልደ ጻድቅ ድንጋይ

ሰው አባቱን መውደድ ሲያቅተው ይፈራዋል፤ መፍራቱ ሲሰለቸው ደግሞ ያዝንለታል። አመተ ማርያም ሁሉንም በየተራ ሞክራ ጨርሳ የቀራት መጸየፍ ብቻ ነበር። ቃሉ ይከብዳል፤ አባት ላይ አይባልም። እሷም ለማንም ብላው አታውቅም። ግን አባቷ ቄስ ወልደ ጻድቅ ወጥ የነካ ጣቱን እስከ አንጓው አፉ ውስጥ ከትቶ ሲልስ፣ ያንኑ ጣት በጢሙ ጠራርጎ ሰው ሊያሳልም መስቀሉን ከጉያው ሲያወጣ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። በአፏ አንቱ ትለዋለች። በሆዷ ግን አንቱታውን ካነሳችበት ቆይታለች፤ እኛም እሷን ተከትለን አንተ ብንለው ማንም ቅር አይበለው።

ከአምደወርቅ በላይ፣ ዳገቱ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት መንደር ወልደ ጻድቅ የተከበረ ሰው ነው። ድምፁ መረዋ ነው፤ ሲቀድስ አሮጊቶቹ ያለቅሳሉ። የተጣላ ያስታርቃል፣ ለታመመ ይጸልያል፣ ከቀብር አይቀርም፣ ከተዝካርማ በተለይ አይቀርም። ሚስቱ አስቻለች ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቄስ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱ ይቀርበታል። ስለዚህ ወልደ ጻድቅ ሚስት አላመጣም፤ አስቻለች ትሠራው የነበረውን ሁሉ ለሁለት ሴት ልጆቹ አከፋፈለው። ውሃው፣ ወፍጮው፣ ጠላ ጠመቃው ለአሥራ ሰባት ዓመቷ አመተ ማርያም፤ እሳቱ፣ እበቱ፣ ልብሱ ለአሥራ አራት ዓመቷ አልጣሽ ደረሰ። አመተ ማርያም በጦርነቱ ጊዜ ያቋረጠችውን ትምህርት ልቀጥል ብትለው "ደብተሩ ውሃ ይቀዳልኛል?" አላት። ዱላው ለሁለቱም እኩል ነበር። ዱላው ደግሞ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ማሕሌት የሚቆምበት መቋሚያው ነው።

ከሁሉም ከሁሉም የሚቀፋት እግሩ ነው። ማታ ማታ የላስቲክ ጫማውን አውልቆ መደቡ ላይ ተቀምጦ ይዘረጋዋል። ክረምት ከበጋ ከዚያ ጫማ የማይወጣ እግር ምን ምን እንደሚል የሚያውቅ ያውቀዋል። ለብ ያለ ውሃ ይቀርባል፤ በየጣቱ መሐል የተጋገረው እድፍ በጥፍር ይወጣል፤ አልቆ ሲደርቅም እንደ እንግዳ እግር ጎንበስ ብሎ መሳም አለ። እንግዳ እንኳ እግሩን ሲያሳጥብ "ኧረ በቃሽ፣ ይቅር" ብሎ ይግደረደራል። ወልደ ጻድቅ አይግደረደርም። አንዱ ተስሞ ሲያበቃ ሌላውን ያቀብላል።

አልጣሽ ግን ከልቧ ትስመው ነበር። እሷ የምታስታውሰው ሌላ አባት ነው፤ በጥምቀት ትከሻው ላይ አፈናጦ ታቦቱን ያሳያት፣ ከተዝካር ሲመለስ ዳቦ በጉያው ደብቆ የሚያመጣላት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያ ሰው የት እንደገባ አታውቅም፤ አንድ ቀን ማታ በሩን ከፍቶ የሚገባ ይመስላታል። አመተ ማርያም ይህን ስታይ ትበግናለች። ያ ሰው ከነጭራሹ ኖሮ አያውቅም ልትላት ይቃጣትና ትተወዋለች።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በእንቅልፍ ምክንያት ነው። በደብሩ ሦስት ቄሶች ነበሩ። ያለ ሁለት ቄስ አይቀደስም፤ ሦስት ከሆኑ ግን አንዱ በተራው ያርፋል። ሦስተኛው አርጅተው ቤት ሲውሉ ወልደ ጻድቅ ተራ የሚለቅለት ሰው አጣ። ቄስ ሆኖ ዶሮ ሲጮህ መነሳትን እንደ ሞት የሚጠላ ሰው ካለ እሱ ነው። መፍትሔው ቅርብ ነበር። ዲያቆን ደጅይጥኑ የሚባል ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው አለ፤ ትምህርቱ ደህና ነው፣ ለመቀሰስ የጎደለው ሚስት ብቻ ናት። ዲያቆን ቄስ መሆን ከፈለገ አስቀድሞ ድንግል ልጅ በተክሊል አግብቶ መቁረብ አለበት፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ደጅይጥኑ ደግሞ የጠየቀው ቤት ሁሉ ልጄ ትምህርት ላይ ናት እያለ መልሶታል።

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወልደ ጻድቅ ወገቡን በፎጣ ታጥቆ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ፣ የምእመናኑን እግር በወይራና በወይን ቅጠል እያሸ ሲያጥብ ዋለ። እያጠበ አለቀሰ። ከአመተ ማርያም አጠገብ የቆሙ አንዲት እናት "እንዴት ያለ ትሑት ነው" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ዘፍ አለ፤ ጫማውን አወለቀ።

"ኑ እጠቡኝ። የሰው እግር ሳጥብ ወገቤ ተቆረጠ" አለ።

አልጣሽ አንዱን እግር፣ አመተ ማርያም አንዱን ያዙ። እሱ ጉልባኑን በእፍኙ እየዘገነ ይቅማል፤ የባቄላው ገለባ ከአፉ እየወደቀ እጣቢው ላይ ይንሳፈፋል።

"አልጣሽ፣ ለዳግም ትንሣኤ ተክሊልሽ ነው" አለ እያኘከ። "ለደጅይጥኑ ሰጥቼሻለሁ።"

"ለደጅይጥኑ? ምን ሊያደርገኝ?"

"ሊቀስስብሽ ነዋ። እሱ ቀሰሰ ማለት እኔ እንደ ሰው ተኛሁ ማለት ነው።"

አመተ ማርያም እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና አለች። "አባ፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ እኮ ነው።"

"እናታችሁን ሳገባት ስንት ዓመቷ ነበር መሰለሽ?" አለና፣ ትልቅ ሙያ እንደሠራ ሰው ፈገግ አለ። ከጥርሱ መሐል የባቄላ ገለባ ተሰክቶ ይታይ ነበር።

በሕማማት መሳሳም ስለሌለ አመተ ማርያም የዚያን ዕለት እግሩን ከመሳም ተረፈች። እጣቢውን ስትደፋ ግን ገለባው የሚንሳፈፍበትን ያን ውሃ አየችና፣ ሰው ልጁን ለእንቅልፍ ይሸጣል እንዴ ብላ ራሷን ጠየቀች። ይሸጣል። አሁን ሸጦ እራቱን እየጠበቀ ነው።

በማግስቱ ስቅለት ነበር። መንደርተኛው ሁሉ ከጧት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል፤ ቤት የሚቀር አራስና ሕፃን ብቻ ነው። አመተ ማርያም ለመጥፋት ከዚህ የተሻለ ቀን እንደማታገኝ ገብቷታል። አልጣሽን ቀስቅሳ "ደጅይጥኑን ታገቢያለሽ ወይስ ትመጪያለሽ?" አለቻት። ልጅቱ ደጅይጥኑን ትፈራዋለች፤ ቁመናውን፣ ሲያልፍ ሲያገድም የሚያያትን አስተያየት ትፈራዋለች። ተነስታ ተከተለቻት። ቁልቁለቱን ወርደው መኪና መንገድ ላይ አንድ አይሱዙ አገኙና እህል ጆንያ ላይ ወጥተው ወደ ሰቆጣ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ አልጣሽ ታለቅሳለች።

"ስግደት ሳልሰግድ ቀረሁ" ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ዛሬ ማን እሳት ያነድለታል?"

"ራሱ ያንድደው" አለች አመተ ማርያም።

"አያውቅበትማ።"

ሰቆጣ የእናታቸው ታናሽ እህት መስታወት አለች። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥራ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ አንድ ክፍል ይዛ ትኖራለች። ልጆቹን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ በኽምጣና መርቃ አስገባቻቸው፤ የእህቷን ልጆች ስታይ ሁልጊዜ በእናቷ ቋንቋ ነው የምትመርቀው። ለጋስ ሴት ናት፤ ግን የቄስ ነገር ያስፈራታል። ልጅ ጠፋ ተብሎ ሙሾ እንዳይወርድ ብላ ለወልደ ጻድቅ ስልክ ደውላ ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው አለችው። አመተ ማርያም ይህን ስትሰማ ወደ ግቢው በር ወጥታ መንገዱን ግራ ቀኝ አየች።

በዚያው ግቢ የሚኖረው ከደብረ ማርቆስ የመጣ መምህር በእውቀቱ ነገሩን ሰምቶ "ምን ያስጨንቃችኋል? ሕግ አለ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አትዳርም" አላቸው። ይህንን ወደሚመለከተው ቢሮም ራሱ ሄዶ ጠየቀላቸው። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ለፋሲካ ቤተሰቧ ዘንድ ሄዳለች፤ የምትገባው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሰኞ ነው። ተክሊሉ እሑድ ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ሰኞ ላይ ሆነ። እስከዚያ አልጣሽ ሰቆጣ ከቆየች ተረፈች፤ በገዛ ፈቃዷ ተመለሰች ማለት ግን እሑድ ተዳረች ማለት ነው፤ ሰኞ የሚመጣ ሕግ ደግሞ እሑድ ያለቀን ነገር አይፈታም።

ጣጣው አልጣሽ ራሷ ነበረች። ፋሲካ ዋለ፤ መስታወት ካላት ላይ አብስላ አበላቻቸው። ልጅቱ ጠግባ ባደረች ቁጥር ደጅይጥኑን እየረሳች አባቷን እያስታወሰች ሄደች። ፍርሃት ሲርቅ ይደበዝዛል፤ ናፍቆት ደግሞ ሲርቅ ይደምቃል። "ብቻውን ፈሰከ" ትላለች። "ብርድ ያመዋል፣ ጋቢው ሳይታጠብ ነው የመጣነው" ትላለች። ተናዶ እንጂ ሊድራት እንዳልሆነ፣ ቢለምኑት እንደሚተወው ራሷን ማሳመን ጀመረች። አመተ ማርያም ስለ እንቅልፉ ብትነግራት፣ ስለ መቋሚያው ብታስታውሳት ዋጋ የለውም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ልጅቱ አባቷን ጠልታ አታውቅም፤ መጥላት እንዴት እንደሚጀመርም አታውቅበትም።

ዓርብ ጧት ሽማግሌዎች መነሳታቸው በስልክ ተሰማ። መስታወት ቤቱን መጥረግ ጀመረች።

"ባናስገባቸውስ?" አለች አመተ ማርያም።

"ሽማግሌ መጣ ሲባል በር ይዘጋል እንዴ ልጄ? ደግሞ ቄስ አለበት። የቄስ እርግማን እኔን አይደለም፣ ያልወለድኩትን ልጅ ይከተላል" አለች መስታወት።

እኩለ ቀን ሲሆን አመተ ማርያም በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ መንገዱን ታይ ነበር። አንዲት ባጃጅ መጣችና ከግቢው በር ትንሽ ቀደም ብላ ቆመች። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ፤ ከኋላ አባቷ ወረደ። ፊት ፊት የሄዱት አያ የኔሰው ናቸው፤ እናቷን በልጅነቷ የሚያውቁ፣ ውሸት ካፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ትልቅ ሰው። አባቷ ወደ ኋላ ቀረት አለ። መንገድ ዳር ለንጣፍ የተጠረበ ኮብልስቶን ተቆልሎ ነበር። ወልደ ጻድቅ ግራ ቀኙን አይቶ ጎንበስ አለና አንዱን አነሳ። ከበደው፤ አስቀመጠው። ሌላ አነሳ፣ በእጁ መዘነው፣ እሱንም አስቀመጠ። ሽንኩርት እንደሚያማርጥ ገበያተኛ አገላብጦ አገላብጦ አንዲት ትንሽ መረጠ። ከዚያ ነጠላውን አጥፎ ማጅራቱ ላይ ደለደለና ድንጋዩን በላዩ አኖረው፤ አኑሮም አንገቱን ሰበረ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፊቱ የሐዘንተኛ ፊት ሆነ። አመተ ማርያም ከቀዳዳው ዘወር ብላ ምራቋን ዋጠች፤ ምራቋ ኮምጥጦ ነበር።

ሲገቡ የግቢው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ቄስ፣ ያውም ሽበታም ቄስ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በሴት ልጆቹ ፊት ሲቆም ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት ተከራይ "ወይኔ" ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። መምህር በእውቀቱ ከበሩ ላይ ሳይንቀሳቀስ ቆመ። አልጣሽ ገና ስታየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንገት ደፊ አገር አጥፊ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እንዲህ ያለውን አይቶ መሆን አለበት።

"ጉልበቴንም በሰበርኩ ነበር" አለ ወልደ ጻድቅ በዚያ መረዋ ድምፁ። "ዳሩ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት የለም።"

አያ የኔሰው ከዘራቸውን ተደግፈው ተናገሩ። "ልጆቼ፣ ወጉን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ተበዳይ 'አውርድ' ይለዋል። ከተባለ ቂሙ ከድንጋዩ ጋር ወረደ፤ የሸሸውም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እስኪባል ተሸካሚው አያወርድም። በገዛ እጁ ካወረደው ግን ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሽምግልናውም ፈረሰ ማለት ነው። አባታችሁ መትቻቸዋለሁ፣ በድያቸዋለሁ ብሎ አምኖ መጥቷል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አውርድ ካላችሁ ለእኛ ይበቃናል።"

"ሠርጉስ፣ አያ የኔሰው?" አለች አመተ ማርያም።

"ቀርቷል። በመስቀሉ ምሎልናል።"

የአልጣሽ ፊት በራ። አመተ ማርያም ያንን ብርሃን አየች። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብለዋል። እሷ አፏን እስከ ምጽአት ብትዘጋ የአልጣሽ አንድ ቃል ሁለቱንም ይመልሳቸዋል። አፏን ልትይዛት አትችልም፤ በሽማግሌ ፊት የእህቷን አፍ የያዘች ልጅ ማን ይሰማታል? ያላት ነገር ዝምታ ብቻ ነበር።

"ልጆቼ" አለ ወልደ ጻድቅ፣ "እናታችሁ አስቻለች ብትኖር ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር። ሐዘን ነው ያበላሸኝ። ብቻዬን ቀረሁ።" እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ወልደ ጻድቅ ግን ከአንጀቱ ሳያለቅስም እንባ ገዶት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ፀሐዩ ይጠብሳል። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አመተ ማርያም አባቷን ትኩር ብላ አየችው። ምናልባት ታዝንለት ይሆናል ብላ ልቧን ፈተሸች፤ ያረጀ አንገት ነው፣ ላቡ ከጆሮው ኋላ ይንቆረቆራል፣ ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ሮጣ ታወርድለት ነበር። ምንም አላገኘችም። ከጎረቤት ክፍል የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። ወልደ ጻድቅ ከድንጋዩ ሥር የአፍንጫውን ቀዳዳ ከፈት ከፈት እያደረገ፣ ዓይኑን በእንባው መሐል ወደ ሽታው አቅጣጫ ሰረቅ ሲያደርግ አየችው። ምራቁን ዋጠ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ታያት።

ሰውዬው እንዲህ ይረዝማል ብሎ አላሰበም። እሱ ራሱ ስንቱን ሲያስታርቅ ኖሯል፤ ድንጋይ የያዘ ሰው በር ላይ ሳይደርስ "አውርድ፣ አውርድ" ሲባል ነው የሚያውቀው። በተለይ ለአባት፣ በተለይ ለካህን። ድንጋዩን ከማጅራቱ ወደ ትከሻው አዛወረ። መልሶ ወደ ማጅራቱ አመጣው። ነጠላው ተንሸራቶ ወረደና የድንጋዩ ጠርዝ ሥጋውን ነካው።

"ልጆቼ፣ ሰው ነው፣ ይደክማል" አሉ አያ የኔሰው ቀስ ብለው።

አልጣሽ ከአመተ ማርያም ጎን ወጣች። ወደ አባቷ ቀረበች። ሲቃ ስለያዛት ቃሉ አልወጣ አላት እንጂ ምን ልትል እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። መስታወት እንኳ እልል ለማለት አፏን አዘጋጅታለች።

"አባ፣" አለች አልጣሽ፣ "አባ... አው..." ሳግ አቋረጣት። እጇን ወደ ድንጋዩ ዘረጋች።

ወልደ ጻድቅ አንገቱን እንደደፋ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። ያ የቅዳሴው ድምፅ አልነበረም፤ የቤቱ ድምፅ ነበር።

"በይ እንጂ፣ ምን ያንተባትብሻል? አንገቴ ተቀነጠሰ። እዚያ የተጠመቀው የሠርግ ጠላ እየሆመጠጠ ነው፣ አንቺ እዚህ ትነፋረቂያለሽ።"

ለእሷ ብቻ የተናገረ መስሎታል። ግቢው ግን ጭጭ ብሎ ነበርና ቃሉ እያንዳንዱ ጆሮ ገባ። አያ የኔሰው ከመሬት ቀና አሉ። የአልጣሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። አፏ እንደተከፈተ ቆየና ቀስ ብሎ ተዘጋ።

እሱ ጠበቃት። አላለችም። ደግሞ ጠበቃት። ከዚያ "ኤጭ" ብሎ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ ወረወረው። አልጣሽ እግር ሥር ወደቀ፤ ዘላ ወደ ኋላ ባትሸሽ ጣቷን ባደቀቀው ነበር። እሱ ይህን አላየም። ወገቡን አቃና፣ ማጅራቱን እያሻሸ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠ።

"መስታወት፣ እስቲ ጠላ ካለሽ ቅጂልኝ" አለ።

መስታወት ከቆመችበት ፊቷን አዞረች።

"አባ፣ ማን አውርድ አለዎት?" አሉ አያ የኔሰው።

"አንገቴ ነዋ። ሁለት ሴት ልጅ ፊት እስከ ማታ ልገተር ኖሯል?"

"ሠርጉ ቀርቷል ብለው ምለውልናል። በመስቀሉ።"

"ልጅን ለመመለስ የተማለ መሐላ ነው፣ አያ የኔሰው። ንስሓ እገባበታለሁ" አለ ወልደ ጻድቅ፤ የንስሓው ነገር ቀላል መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

አያ የኔሰው ከዘራቸውን አነሱ። ፊታቸው የተበላሸ ነገር የቀመሰ ሰው ፊት ነበር። "እኔ በእርስዎ እጅ ቆርቤያለሁ" አሉ በመጨረሻ። መምህር በእውቀቱ ጠጋ ብሎ የሰኞውን የቢሮ ነገር በጆሯቸው ነገራቸው። ወደ ልጆቹ ዞሩ። "እዚሁ ተቀመጡ። ሰኞ መምህሩ ሲወስዷችሁ እኔም ከደጅ አለሁ። የሰማሁትን እናገራለሁ።" ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትለው ወጡ፤ ከቄሱ መስቀል ሳይሳለሙ ነው የወጡት። በወግ ላይ እድሜያቸውን የፈጁ ሰው ይህን ሲያደርጉ መንደሩ ቢያይ ኖሮ ዓመት ሙሉ ባወራው ነበር።

ወልደ ጻድቅ ብቻውን ጥላው ሥር ቀረ። ጠላ እንደማይመጣ ሲገባው ተነሳ፤ ነጠላውን አራገፈ። ሲያልፍ ለአልጣሽ እጁን ዘረጋላት፤ "አንቺ እንኳ ልጄ ነሽ፣ ነይ እንሂድ" አላት፤ ድምፁ እንደገና ማር ሆኖ ነበር። አልጣሽ እጁን አየች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች፤ የረገጡትን ነገር እንደሚሸሹ። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ፤ በሩን እንኳ መልሶ አልዘጋውም።

ተከራዮቹ ወደየክፍላቸው ገቡ። መስታወት ጓዳ ገብታ ብቻዋን ታጉረመርማለች። አልጣሽ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከስቅለት ጀምራ ስታለቅስ የሰነበተችው ልጅ አሁን እንባ የላትም፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እታለም" አለች።

"ወይ።"

"ሁልጊዜም እንዲህ ነበር?"

አመተ ማርያም ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠብቀው ኖራለች። መልሱን በልቧ አዘጋጅታ፣ አሳምራ፣ ከነማስረጃው አስቀምጣው ነበር። አሁን ግን የእህቷን ፊት አየች። አሸንፋለች፤ አልጣሽ እሑድ አትዳርም። ግን ልጅቱ ከአባቷ ቤት ያመጣችው አንድ ደህና ነገር ያ የምታስታውሰው አባት ነበር፤ እሱም አሁን ግቢው መሐል ሞቶ ተጋድሟል። አጠገቧ ተቀመጠችና ጸጉሯን ዳበሰቻት።

"አይደለም" አለች። "እናታችን ሳለች ደህና ሰው ነበር።"

ለዚያ ሰው ብላ መዋሸቷ ምላሷን አመረራት። አልጣሽ ግን አላመነቻትም።